የሙከራው መልእክት ከደረሰ በኋላ

«ጋሼ፣ ከዲስክ ማከማቻው የላክሁት የሙከራ መልእክት ሰርቨሩ ላይ ታይቷል፤ ሥራው አለቀ አይደል?» አለኝ ሰሞኑን አንድ ወጣት ባለሙያ። አላለቀም። ሥራው ሲስሎግን ማዋቀር ነው፤ ሲስሎግ ማለት መሣሪያዎች የገጠማቸውን ወደ አንድ መዝገብ ያዥ ሰርቨር የሚልኩበት ዘዴ ነው።

እንዲህ ስባል ትዝ የሚለኝ ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ጠንቃቃ ልጅ ነው። ማከማቻችን ዲስኮቹን የሚመሩ ሁለት መቆጣጠሪያዎች ነበሩት፤ የአይፒ አድራሻቸውም ለየብቻ ነው። የኔትወርኩ በር ጠባቂ የሆነው ፋየርዎል የሚያሳልፈው የአንደኛውን ብቻ መሆኑን ማንም ልብ አላለም፤ የሙከራው መልእክት የወጣው ከዚያው ነዋ! አንድ ሌሊት አንደኛው ተበላሽቶ ሥራው ወደ ሁለተኛው ዞረ። ሁለተኛው፣ ዲስኮች በየተራ መውደቃቸውን ቢናገርም ቃሉ ፋየርዎሉ ላይ ቀረ። ሲስሎግ በዩዲፒ (መልስ በማይጠብቀው የመላኪያ ዘዴ) ፖርት 514 ሲላክ ላኪው መልእክቱ መድረሱን አያረጋግጥም፤ ደብዳቤ ጽፎ በአጥር ላይ እንደ መወርወር ነው። ዲስኮቻችን የተቀናጁበት ሬይድ 5 የሚባለው አሠራር ደግሞ የአንድ ዲስክ ሞት ይችላል እንጂ የሁለት አይችልም።

በነጋታው አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። የጥበቃው ደብተር ማንቂያው የጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ይላል። ማከማቻውን ይጠቀም የነበረው ሰርቨር በራሱ መዝገብ የዲስክ ስህተት የጻፈው 2፡00 ላይ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ለማንኛችንም ግልጽ ነበር። የማከማቻው የራሱ መዝገብ ግን 23፡00 ይላል። «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለሃል» ተባለ ልጁ። ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው! ማከማቻው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እንደሚቆጥርና ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀር የገባን እሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ሥራውንም ለቆ ከሄደ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አር ኤፍ ሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍበት ሰነድ ነው። በአሮጌው የአር ኤፍ ሲ 3164 አጻጻፍ የመልእክቱ ሰዓት ዓመትም የሰዓት ክልልም የለውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የወጣው አር ኤፍ ሲ 5424 ሁለቱንም ይይዛል፤ መሣሪያችሁ ከቻለ እሱን ምረጡ። ሙከራውን ከሁለቱም መቆጣጠሪያዎች ላኩ፤ ሰዓታቸውንም በኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ማስተካከያው) ከሰርቨሩ ጋር አስተካክሉ። የዛሬ ልጆች የማዋቀሪያ ፋይል ገልብጣችሁ ለመለጠፍ ፈጣን ናችሁ፤ ለማንበብ ግን ትሰንፋላችሁ። እውነቱን ለመናገር እኛም መመሪያ እናነብ የነበረው የምንገለብጥበት ስላልነበረን ነው።

የመልእክቶቹ የክብደት ደረጃ ከ0 እስከ 7 ነው፤ ትንሹ ቁጥር ከባዱ ነው። እስከ 6 ያለውን ላኩ። 7 ሰርቨሩን ያጥለቀልቃልና አታብሩት፤ ብልሽት ስታሳድዱ ግን የሚያወጣችሁ እሱ ነው። ከሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ከአንዱ ለአንድ ቀን ያህል ምንም ካልመጣ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ስልካችሁ ላይ እንዲያሳውቃችሁ አድርጉ፤ አለቃችሁ «ምንም ሳይበላሽ ለምን ትረብሹናላችሁ?» ቢላችሁም አታጥፉት።