የፍለጋ ገመናችንን ማን ያየዋል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ስልክ እንጠቀማለን። ስለ ጨጓራ ሕመም ኢንተርኔት ላይ ከፈለግሁ ወዲህ የመድኃኒት ማስታወቂያ በየገጹ ይከተለኛል። ማንነትን በማያሳውቀው (ኢንኮግኒቶ በሚባለው) ገጽ ብጠቀም ይቀርልኛል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይቀርልዎትም። ይህ ገጽ ሲዘጋ የፍለጋ ታሪኩንና ኩኪዎቹን (ድረ ገጾች እርስዎን ለማስታወስ ስልክዎ ላይ የሚያስቀምጧቸውን ትንንሽ ፋይሎች) ከስልክዎ ያጠፋል፤ ስለዚህ ባለቤትዎ አያዩትም፤ የሚጎበኟቸው ድረ ገጾች ግን የኢንተርኔት አድራሻዎን ያያሉ፣ የኢንተርኔት አቅራቢውም የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈቱ ማወቅ ይችላል። ጎግል በዚሁ ገጽ ተጠቃሚዎችን ይከታተላል በሚል እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከስሶ፣ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

የሕመም ነገር ገመና ነውና፣ ወደ ጎግል መለያዎ ገብተው ፍለጋዎን የሚመዘግበውን «የድርና የመተግበሪያ እንቅስቃሴ» የተባለ ቅንብር እንዲያጠፉ፣ ከ3 ወር በላይ የቆየው ታሪክም በራሱ እንዲሰረዝ እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ለእርስዎ ተብሎ የሚመረጠውን ማስታወቂያም እዚያው ማስቆም ይቻላል። ዳክዳክጎ የተባለው የፍለጋ ሞተር ደግሞ የተጠቃሚዎቹን የፍለጋ ታሪክ እንደማያስቀምጥ ይገልጻል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በማርቆስም ሆነ በቡሬ ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን፣ ማለትም የጎግል መለያውን፣ ሻጩ ከፍቶልን፣ የይለፍ ቃሉንም እሱ መርጦልን እንሄዳለን። ያ ቃል በሻጩ እጅ እስካለ ድረስ፣ በመለያው የተመዘገበው ፍለጋ ሁሉ ለእሱም ክፍት ነው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ፣ ዛሬውኑ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የራስዎ መሆኑንም ያረጋግጡ።