ከጣና ዳር የተለቀመ እንጨት አኳሪየም ከመግባቱ በፊት

ሰላም እህቴ። «ከሐይቁ ዳር ያገኘሁትን ደረቅ እንጨት ለልጄ አኳሪየም ፈልጌዋለሁ፤ አንድ ሰዓት ቀቅዬ ባስገባው ዓሣዎቹን ይጎዳቸዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቅቀላው ኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ዓሣ የሚፈጀው ከዚያ በፊት የተዘለለው ነገር ነው፤ ዛፉ ምን እንደሆነ አለማወቅና በደንብ ሳይደርቅ መቸኮል።

እኔ ይህን የተማርኩት በስድስት ጎልድፊሽ ነው። መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ ማዕበሉ አንድ ቅርንጫፍ ዳር ላይ ጥሎት አገኘሁ። የድኩላ ቀንድ የመሰለ፣ ለዓይን የሚያምር። ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀቀልኩት፣ ማታውኑ አስገባሁት። በሦስተኛው ቀን ውሃው ሩዝ የታጠበበት መሰለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ ሁለቱ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ከጎረቤት የአየር ፓምፕ ተውሼ፣ ግማሹን ውሃ ቀይሬ፣ እንደዚያም ሆኖ የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ለካ እንጨቱ ከላይ ደረቅ ይምሰል እንጂ ውስጡ ገና ውሃ ነበረው። የዛፉ ፈሳሽ ስኳር አለው። ስኳሩ ወደ ውሃው ሲወጣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ያው ውሃ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ከሚይዘው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድለዋል። ዓሣዎቹ ድሮውንም ብዙ ትርፍ የላቸውም ማለት ነው።

ፎቶሽን አስፍቼ አየሁት። በግራ በኩል ጫፉ ላይ ቅርፊቱ እንደተጣበቀ ነው፤ እሱ አላማረኝም። በቢላ ትንሽ ፋቅ አድርጊው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነገር ወይም እርጥበት ካለ ገና ነው፤ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ አስቀምጠሽ ወራት ስጪው። ነጭ ወተት ከወጣው ግን ቁልቋል ወይም ቅንጭብ ሊሆን ይችላል። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ እጅሽን ታጥበሽ እንጨቱን ጣይው፣ ይደርቃል ብለሽም አታስቀምጪው።

ደረቅ የሚመስለውን በኩል ደግሞ በአውራ ጣትሽ ጥፍር ተጫኚው። ጥፍርሽ ከሰመጠ በስብሷል፣ ውሃ ውስጥ ይፈረፈራል። የሚንሸራተት ከሆነ ጥሩ ነው። በድንጋይ መታ ስታደርጊው ቋ ቋ የሚል እንጂ ድፍን ድምፅ እንዳይሆን። አሽትቺውም፤ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ እንጨት ውስጡ ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ እሱን በምንም አታጽጂውም።

ጽድና ባሕር ዛፍ አልጠቀምም፤ ዘይታቸውና ሙጫቸው ቶሎ አይለቅም። ቀለም የተቀባ፣ ሚስማር የነበረበት፣ ከጀልባ ወይም ከግንባታ የተረፈ እንጨትም እንዲሁ። እኔን በደንብ ያገለገለኝ የዘይቱን ዛፍና የቡና ጉቶ ነው። ዘጌ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ጉቶው ለማገዶ ይሄዳል፤ ባለቤቱን ጠይቀሽ ብትወስጂ የተጠማዘዘ፣ ጠንካራ እንጨት ታገኛለሽ። ከገዳማቱ ደን ግን የወደቀም ቢሆን ሳይፈቀድ አይነካም፤ ይህን ለአንቺ መንገር ባያስፈልግም።

ለመልቀም ጥሩው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ውሃው ሸሽቶ፣ ክረምቱ ያመጣው እንጨት አሸዋ ላይ ወራት ፀሐይ ሲመታው ይቆያል። ውሃ ውስጥ ገብተሽ አትጎትቺ፤ ቢልሃርዚያ ውሃው በነካው ቆዳ ነው የሚገባው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ከሆንሽ ደግሞ ሳይመሽ ተመለሺ፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው።

እንጨቱ እነዚህን ሁሉ ካለፈ የቀረው ቀላል ነው። ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ ልጠሽ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍተጊው። ኦሞም ሳሙናም አታስነኪው። በረኪና የሚመክሩ አሉ፤ እንጨት የጠጣውን ኋላ ስለሚተፋ እኔ አላምነውም። ከዚያ ምግብ በማይሠራበት ድስት፣ ደጅ ላይ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቀቅይው። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሰዓቱን አልሰስትም። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን አይሆንም። ድስት ውስጥ የማይገባ ትልቅ ከሆነ የፈላ ውሃ ደጋግመሽ አፍሺበት።

የመጀመሪያው ውሃ እንደ ጠላ ይጠቁራል። አትደንግጪ፣ ታኒን ነው፤ ሻይን የሚያጠቁረው ያው ነው። ሳፋ ውስጥ ድንጋይ ጭነሽበት ንከሪው፣ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ውሃውን ለውጪ። ውሃው ቀጭን ሻይ ሲመስል፣ እንጨቱም ድንጋዩ ሲነሳለት መንሳፈፉን ሲተው ደርሷል። የእኔ የቡና ጉቶ አምስት ሳምንት ፈጅቷል፤ ወፍራም ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። የምትጭኚበት ድንጋይ አኳሪየሙም ውስጥ አብሮ የሚገባ ከሆነ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነውና ሌላ ፈልጊ።

ከገባ በኋላ በሳምንት ውስጥ ነጭ፣ ጥጥ መሳይ ነገር ያበቅላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ሁሉንም ይደፋል። ሻጋታ ነው፣ ዓሣ አይጎዳም፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንሺው፣ በጥቂት ሳምንት ራሱ ይጠፋል። ዓሣዎቹ ላይ ላይ ሲተነፍሱ ካየሽ ወይም ውሃው ከደፈረሰ ግን እንጨቱን ያኔውኑ አውጪ፣ አየር ስጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንጨቱ ላይ የእምቦጭ ሥር ተጠምጥሞ ብታገኚ «አበባው ያምራል» ብለሽ አኳሪየም ውስጥ እንዳታስቀምጪው። ዓለምን ያዳረሰው፣ ሰው ለአበባው ብሎ ከሀገር ሀገር እየወሰደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ገበሬው በእጁ እየነቀለ ያየውን መከራ ታውቂያለሽ። የአኳሪየም ውሃም ለአትክልት ይሁን እንጂ ወደ ሐይቁ አይደፋ። ልጅሽ የሰለቸውንም ዓሣ እዚያ እንዳይለቅ፤ ጣና ከእርሱ ሌላ የትም የማይገኙ ዓሣዎች አሉት።

አሁን ያንን የግራ ጫፍ ፋቂውና ከሥሩ ያየሽውን ቀለም ጻፊልኝ። ወተት ካለው ልጁ እንዳይነካው።