አቶሞቹ ለምን እንደሚጠፉ መጀመሪያ ለኩ

ፊዚክስ ለምታጠኑ ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል ኳንተም ኮምፒውተር መሥራት የሚመኙ ብዙ ናቸው። ዕድሜዬን በሌዘርና በቫክዩም መሣሪያ መካከል ስላሳለፍኩ፣ የምወደውን አንዱን መንገድ ልንገራችሁ።

የኳንተም መረጃ በትንሽ ንክኪ ይበላሻል። የፊዚክስ ሊቁ አሌክሴይ ኪታዬቭ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረበው መፍትሔ ሹሩባን ያስታውሰኛል። ከተሠራ ሹሩባ አንዲት ፀጉር ብትነኩ ጉንጉኑ አይፈታም፤ ሹሩባ ያደረገው የትኛው ዘለላ በየትኛው ላይ ማለፉ ነውና። በስስ ንጣፍ ላይ የሚፈጠሩ፣ ኤንዮን የሚባሉ ቅንጣት መሰል ነገሮች አሉ፤ አንዳንዶቹም ማን በማን ዙሪያ እንደዞረ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይቀር ይይዛሉ፤ መረጃውም በዚህ ጉንጉን ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን እጅግ በቀዘቀዘ ጋዝ ውስጥ የመሥራት ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ፣ ቦልደር ከተማ፣ የፊዚክስ ሊቋ ዲቦራ ጂንና ባልደረቦቿ የፖታሲየም 40 አቶሞችን በ199 ጋውስ (የማግኔታዊ መስክ መለኪያ) አካባቢ ባለ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲያስቀምጡ፣ አቶሞቹ እየተዟዟሩ የሚጣመሩበትን ሁኔታ አጠኑ። እንዲህ ያሉ ጥንዶች በስስ ንጣፍ ላይ ሱፐርፍሉይድ፣ ማለትም ያለ ሰበቃ የሚፈስ ነገር ቢሆኑ፣ የምንፈልገው ኤንዮን በውስጡ በሚፈጠር አዙሪት እምብርት ይቀመጣል። ግን ሦስተኛ አቶም ሲጋጫቸው የሚለቀቀው ጉልበት ሦስቱንም አቶሞቹን ከያዘው ወጥመድ ያስወጣቸዋል። ጥንዶቹ የሚቆዩት ለሚሊሰከንዶች ብቻ ነው።

ስለዚህ ከጉንጉኑ በፊት ጥፋቱን አጥኑ። እኔ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። የአቶሞቹ ጥላ በካሜራው ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ባነሣነው ምስል ግን የለም። ሁለት ወር ሙሉ «የሦስት አቶም ግጭት ነው» እያልኩ ደብተሬን ሞላሁ። አንድ ማለዳ አንድ ተማሪ ጋዙን ስስ አድርጎ እንደገና ለካ። ግጭት ቢሆን ኖሮ፣ አቶሞቹ ሲራራቁ ጥፋቱ እጅግ በዘገየ ነበር። አልዘገየም። ጥፋተኛው ቫክዩሙ ውስጥ የቀረው አየር ነበር! ያን ልጅ ዛሬም አመሰግነዋለሁ፤ ያደረገው የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ እኔ ግን አላሰብኩትም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በሃርቫርድ ከብርሃን በተሠራ 16 ጉድጓድ ያለው ገበታ ላይ ሁለት የሩቢዲየም አቶሞችን አስቀምጠው፣ ኤንዮን ሊኖርበት የሚችለውን፣ አቶሞቹ እርስ በርስ ተሳስረው የሚንቀሳቀሱበትን የክፍልፋይ ኳንተም ሆል ሁኔታ ፈጠሩ። ለስሌት የሚበቃው ሹሩባ ገና ነው። ዛሬ ወጣት ብሆን ከዚያች ትንሽ ገበታ እጀምር ነበር፤ ሦስተኛዋን አቶም ስጨምር ምን እንደሚሆን ለማየት።