የጎፍ ደን ለማደር ላሰባችሁ

«በነሐሴ መጨረሻ ከደሴ ተነስተን ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የጎፍ ደን ድንኳን ተክለን ልናድር፣ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በእግር ልንዞር ነው፤ ምን እንያዝ?» ላልሽው እህቴ፣ ከዕቃው በፊት ቀኑን አስቢበት። ነሐሴ ይቅርባችሁ። የወሎ ክረምት የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ከመስቀል በኋላ ያለው ሳምንት ይሻላል። ደኑ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደዩም አልረገፈም፣ ውርጩም ገና ነው።

የግድ በነሐሴ ከሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ መመለሻውን ይዟል። ቁርስ፣ ፎቶ፣ ቡና ሲባል አራት ሰዓት የሚነሳ ቡድን ግን ዶፉ ዳገት ላይ ይጠብቀዋል። ደግሞ አባራ ብላችሁ አትደሰቱ። ጥዱና ወይራው ላይ የቀረው ውሃ ሲንጠባጠብ ይቆያል። ጉም ከገባማ ሳይዘንብም ትበሰብሳላችሁ። ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ውሃውን ቋጥሮ ይቆይና፣ በጭንቅላት ስትነኩት አንገታችሁ ውስጥ ይጨመቃል።

ስለዚህ ጂንስ እንዳታደርጉ። ከረጠበ እስከ ማታ አይደርቅም። ቀለል ያለ ረጅም ቱታ ይበቃል፤ ረጅም ያልኩት ለሳማው ነው፣ በቁምጣ የገባ ያየዋል። ጋቢው ድንኳን ውስጥ ይቅር፤ ጥጥ ሲረጥብ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። ቤት ባና ካለ እሱን ያዙ፤ ሱፍ ትንሽ ቢረጥብም ሙቀቱን አይለቅም። ጫማ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም፣ ግን ጭቃ ላይ ከነጭ ስኒከር የእረኞቹ ኮንጎ ይሻላል። ውሃ ከገባው ደፍቶ መሄድ ነው።

ብዙ ሰው ጠርዙ ላይ የተተከለውን የፈረንጅ ጥድና ባህር ዛፍ አይቶ «ጥንታዊውን ደን አየሁ» ብሎ ይመለሳል። ፍሬውን እዩ። የፈረንጁ ድቡልቡል፣ ደረቅና እንጨት የሚመስል ነው። የሀበሻው ጥድ ፍሬ ደግሞ ከአተር ብዙም አይበልጥም፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጠቆር ይላል፣ የግንዱም ቅርፊት በረጃጅሙ ይላጣል። እሱ ጋ ስትደርሱ ነው ደኑ ውስጥ የገባችሁት።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ መሃል ደን አትደሩ። ጅብ አለ፣ በሌሊት ዝናብ መንገዱም ይጠፋል። ጠርዝ ላይ፣ ከሰው ቤት አጠገብ፣ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ። ከዚያ በፊት ግን ቀበሌውንና ደን ጠባቂዎቹን ጠይቁ፤ አሁን ካለው ጸጥታ አንጻር ይሄ ለወግ አይደለም። የቤቱን ባለቤቶች ደግሞ ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት አናግሩ። ወሎ ውስጥ «እንግዳ ነን፣ አሳድሩን» ላለ ሰው ቦታ አይጠፋም፣ ቡናም ይፈላለታል። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጅ ነውር ነው።

እንጨት ከደኑ እንዳትቆርጡ። በክረምት ደግሞ ጭስ እንጂ እሳት አይወጣውም። ትንሽ ቡታጋዝ ከኮምቦልቻ ይዛችሁ ውጡ። ለመንገድ በሶና ቆሎ ይበቃል። የተረፈ ሥጋ ግን ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ።