87 ያለው የእኔን መኪና ነው ወይስ የጭነት መኪናውን?

ጥያቄ፦ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ በትንሽ የቤት መኪናዬ ስጓዝ አንድ ከባድ የጭነት መኪና በጎኔ ቀድሞኝ አለፈ። ወዲያው ትራፊክ ፖሊስ እኔን አስቆመኝና በእጁ የያዘውን መሣሪያ አሳየኝ፤ 87 ይላል። የእኔ ፍጥነት ቆጣሪ ግን 65 ላይ ነበር። መሣሪያው የማንን ፍጥነት እንደለካ በምን ይታወቃል? ቅጣቱንስ መቃወም እችላለሁ? (አንድ አንባቢ)

መልስ፦ ያንን መሣሪያ ይዤ ለብዙ ዓመታት መንገድ ዳር ቆሜአለሁ፤ ጥያቄዎም ያረፈው በመሣሪያው ደካማ ጎን ላይ ነው። ይከራከሩ። ክርክርዎ ግን በ87ቱ ላይ ይሁን፤ 65ቱም ቢሆን ከወሰኑ በላይ ነውና እሱን አይካዱ።

በመጀመሪያ የክስ ወረቀቱን አውጥተው መሣሪያው ራዳር ይሁን ሌዘር ያጣሩ። በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ክርክርዎ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ከሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር፣ በኸርዝ የሚለካው) ተለውጦ ይመጣል፤ ይህን ክስተት የኦስትሪያው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 አስረድቶታል። በ24 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ራዳር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከሚመጣ መኪና የሚያገኘው ለውጥ 4,500 ኸርዝ ገደማ ነው። ይህ በሰው ጆሮ የሚሰማ ልክ ስለሆነ ብዙ ራዳሮች ለውጡን በድምፅ ጭምር ያሰማሉ። መኪናው ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል። ጥርት ብሎ ከዘለቀ አንድ መኪና ተይዟል ማለት ነው፤ ከተንኮሻኮሸ ግን ሁለት ነገሮች ተደራርበዋል። እኔ ድምፁ ካልጠራልኝ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ማንንም አላስቆምም ነበር።

ችግሩ የጨረሩ ስፋት ነው። 12 ዲግሪ የሚከፈት ጨረር 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ60 ሜትር በላይ ይሰፋል፤ መንገዱን ከነዳርቻው ይሸፍነዋል። መሣሪያው ቁጥር ይሰጣል እንጂ ታርጋ አያነብም። የጭነት መኪና ሰፊ ግንባር ደግሞ ከትንሽ መኪና ይልቅ ብዙ ሞገድ ይመልሳል። የትኛው መኪና እንደሆነ የሚወስነው የባለሙያው ዓይን ነው፤ አስቀድሞ በዓይኑ መገመት፣ ከዚያም ግምቱን በመሣሪያው ማረጋገጥ አለበት። አንድ ማለዳ በቆመ የጥበቃ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ መንገዱ ወለል ብሎ ባዶ ሆኖ፣ የራዳሩ መስኮት 43 አለኝ። የአየር ማቀዝቀዣውን ሳጠፋው ቁጥሩም ጠፋ። ራዳሩ የለካው የማራገቢያውን ክንፎች ነበር።

መሣሪያው ሌዘር ከሆነ ግን ነገሩ ይከብድዎታል። የሌዘር ጨረር 300 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል፤ ብርሃኑ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ደጋግሞ በመለካት ፍጥነቱን ያሰላል። የባለሙያው እጅ ተንቀሳቅሶ ነጥቡ ከፊት መስታወቱ ወደ ታርጋው ከተንሸራተተ ስሕተት ሊገባ ይችላል፤ የሌላ መኪና ፍጥነት ተለክቷል ማለት ግን ያስቸግራል።

ብዙ ሰው «ፖሊሱ በአግድም ስለቆመ ልኬቱ ተዛባ» እያለ ይጽፍልኛል። ይህን አይጻፉ። ቆሞ የሚለካ መሣሪያ ከመኪናው የጉዞ አቅጣጫ ጋር ያለው አንግል በሰፋ ቁጥር የሚያሳየው ቁጥር ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሲታይ 60 የሚሮጥ መኪና 56 ይመስላል። ጥቅሙ ለአሽከርካሪው ነው። ነገሩ ሊገለበጥ የሚችለው ፖሊሱ ራሱ እየነዳ ሲለካ ነው፤ ራዳሩ የራሱን መኪና ፍጥነት አሳንሶ ከወሰደ ጉድለቱን ከፊት በሚመጣው ላይ ይጭነዋል።

አሁን ወደ 65ቱ እንምጣ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አብልጦ ቢያሳይም ጭማሪው ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶና በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር ድምር እንዳያልፍ ይወስናል። በዚህ ስሌት ቆጣሪዎ 65 ሲል እውነተኛው ፍጥነትዎ ከ55 እስከ 65 ባለው ውስጥ ነው። በእርግጥ 87 እየሮጡ ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው ቢያንስ 87 ማለት ነበረበት። አልደብቅዎትም፣ 65 ብሎ መጻፍ በራስ ላይ መመስከር ነው። ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው፤ ቅጣቱ እንደ ጭማሪው መጠን በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ደግሞ በ65 እና በ87 መካከል ያለው ልዩነት ከባድ ነው።

ደብዳቤዎን በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ቀነ ገደብ ሳያሳልፉ ያስገቡ። የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ ልኬቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠበትን ሰነድ፣ በዕለቱ ሥራ ሲጀመር ስለመፈተሹ የተያዘውን መዝገብ ይጠይቁ። የጭነት መኪናው ከእርስዎ ምን ያህል ርቆ፣ በየትኛው ጎን እንደነበረ ንድፍ ይሣሉ። አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ትዝታው ሳይደበዝዝ ዛሬውኑ ይጻፍ።

ከሁሉ በፊት ግን ወርደው ጎማዎን ይመልከቱ። በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ልክ በአሽከርካሪው በር ሥር ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ያስተያዩ። ከፋብሪካው የበለጠ ከፍታ ያለው ጎማ ከተገጠመ ቆጣሪው ከእውነተኛው በታች ያሳያል፤ ያን ጊዜ የ65ቱ ክርክር አይቆምልዎትም፣ የሚቀርዎት ስለ ጭነት መኪናው ያለዎት ማስረጃ ብቻ ነው።