ያለቻችሁን ይዛችሁ ቁሙ

ባለፈው ወር ከቨርጂኒያ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ እዚያ ሳለሁ አንድ ሕንፃ ላይ ጎረቤታሞች ነበርን። «ጋሼ፣ ብር ልኬልሃለሁ። ለአራዳ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ገዝተህ አስገባልኝ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። «እልልል! ወረቀትሽ ወጣ በይኛ!»

ዝም አለች። ቆየት ብላ «አልወጣም» አለች። «መጸለይ አቅቶኛል ጋሼ። እምነቴ አልቋል። ቢያንስ ስለቱ ይቅደም ብዬ ነው።»

ስለት የሚገባው ሲደርስ ነው። እሷ ቀብድ ከፈለች። ሳቅኩባት፣ እሷም ሳቀች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሁለት ልጆቿን ለአያታቸው ትታ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። እምነቱ ያለቀ ሰው ገና ላልደረሰ ስለት ጃንጥላ ይገዛል እንዴ?

እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ኖሬ የተመለስኩ ነኝና ይህን የምጽፈው ለእሷ ብቻ አይደለም። ውጭ ስንኖር እምነት አገር ቤት የቀረ ይመስለናል። «እናንተማ ቅዳሴው ደጃችሁ ነው፤ የእናንተ ጸሎት ይሰማል» ትሉናላችሁ። እስቲ እዚህ የማየውን ልንገራችሁ።

ፒያሳ የምታውቋት ፒያሳ አይደለችም። በ2016 ብዙው ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል። ዕድሩም አብሮ ተበትኗል። በወር በወሩ በ23 ግን የጊዮርጊስ ግቢ ይሞላል። አድዋ ድል የሆነውም በዕለተ ጊዮርጊስ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ነውና የአራዳ ሰው ይህችን ቀን እንዲህ በቀላሉ አይለቃትም። ባለፈው ጊዜ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፈው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ከአዲሱ ቤታቸው በአንድ አውቶቡስና በሁለት ታክሲ ነው የመጡት። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሻሉ። «እንዴት ነዎት? ጸሎቱስ?» አልኳቸው።

«ዛሬስ ተኳርፈናል» አሉኝ በአገጫቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያመለከቱ። «ግን መጣሁ።»

አገር ቤት ያለው እምነት ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። እናንተ የምትቀኑበት ትልቅ እምነት ሁለት ታክሲ ይዞ የመጣ ኩርፊያ ነው።

ሐዋርያት አንድ ቀን ጌታን «እምነት ጨምርልን» አሉት። ሉቃስ 17 ላይ ነው። እኔ ብሆን የምጠብቀው መልስ «እሺ፣ ጨመርኩላችሁ» የሚል ነበር። እሱ ግን የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ብትኖራችሁ ይህን ሾላ ተነቅለህ ባሕር ውስጥ ተተከል ብትሉት ይታዘዝላችሁ ነበር አላቸው። ስለ መጠኑ አልተከራከረም። በጾም ሰናፍጭ የቀመሰ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፍሬዋ ጣት ላይ ብትቀመጥ እንኳ አትታወቅም። ተፈጭታ ስትበላ ግን አፍንጫ ሰርስራ ዓይን ታስለቅሳለች።

ማርቆስ 9 ላይ ደግሞ ልጁ የታመመበት አባት አለ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸው። ግማሽ እምነት፣ ግማሽ ጥርጣሬ፣ በአንድ ትንፋሽ። ጌታም «ሂድና አሟልተህ ና» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የስደተኛ ጸሎት የለም።

የራሴንም ልንገራችሁ። በ1998 ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ እየጠበቅኩ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ጓደኛዬ የፓርኪንግ ዩኒፎርሙን እንኳ አላወለቀም። ማንም ምንም አላለም። እንዲህ ተሰብስቦ በማለዳ የሚመጣ ሰው ለቡና እንደማይመጣ ታውቃላችሁ። እናቴ ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነበር። አገር ቤት ብሄድ መመለሻ የለኝም፤ ስለዚህ አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ለወራት ጸሎት የሚባል ከአፌ አልወጣም። ዳዊት ስከፍት ፊደሉ ይታየኛል፣ ትርጉሙ ግን አይገባኝም። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችኝ፦ «እግዚኦ»። ፓርኪንግ ውስጥ ያለችው ጠባብ ጎጆ ገብቼ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ልመና ነበረች፣ አንዳንድ ቀን ንጹህ ቁጣ። ተአምር አልተከተለም። ወረቀቱም የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያቆመኝ ግን የድሮው ረጅም ጸሎቴ ሳይሆን ያቺ ቃል ናት። ቁጣውንም አትፍሩ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው እዚያው መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለ ነው። ቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ የገባ ወቀሳ የእናንተ አፍ ላይ ሲሆን ኃጢአት አይሆንም።

እንግዲህ ለማድረግ የሚቻለውን ልበል። በእግዚአብሔር መታመን ጠበቃ መቅጠርን አይተካም፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮም አያስቀርም። ጸበል እየጠጣችሁ መድኃኒት አታቋርጡ። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። በስልክ «ራእይ ታይቶኝልሃል» ብሎ ሂሳብ ቁጥር የሚልክ ሰው ከመጣ ዝጉት። እንዲህ ዓይነቱ የሰው ጭንቀት ከሩቅ ይሸተዋል። እኔ ራሴ አንዴ ተበልቻለሁ፤ ስንት እንደሆነ ግን አልነግራችሁም!

ለሁሉም ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ልማዳችን ነው፤ ክፉ ልማድም አይደለም። ግን እውነቱን የምትነግሩት አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ ለንስሐ አባታችሁም ቢሆን። የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ቅዳሴ አልደርስም የምትሉ ደግሞ ሰዓቱን አስሉት። ቨርጂኒያ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ በእናንተ ክረምት ደግሞ ሁለት ሰዓት። እናንተ ለዕረፍት ቁጭ ስትሉ እኛ ቅዳሴ ላይ ነን። በዚያች ደቂቃ አንዲት ቃል በሉ። መኪና ውስጥም ቢሆን፣ ኩርፊያም ቢሆን።

ለዚያች ልጅም ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። «እሺ ጋሼ» አለች፤ ይሙቅላት ይብረድላት ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። ጃንጥላውን ግን ገዝቼዋለሁ። ቀይ ነው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘቦ ያለው። አላስገባሁትም። ስለቱ ሲደርስ ራሷ መጥታ እንድታስገባው ብዬ ከነፌስታሉ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ በጠረገች ቁጥር «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚነሳው?» ትለኛለች።