ጥላሸቱ የጠፋበት ሜምብሬን

በጎንደር የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን የሚሠሩ አንዲት አንባቢ ችግራቸውን እንዲህ ጽፈውልኛል። ሄላ የተባሉትን የሰው ሴሎች፣ የሴሉን የፕሮቲን መፍጫ (ፕሮቲያዞም) በሚያግደው ኤምጂ132 ለአምስት ሰዓት ካቆዩ በኋላ አፍርሰው፣ ለመወገድ በተመረጡ ፕሮቲኖች ላይ የሚለጠፈውን ምልክት፣ ዩቢኩዊቲንን፣ በሚለይ አንቲቦዲ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በሜምብሬን ላይ የሚያሳየውን ዘዴ) ሠርተዋል፤ ይሁንና ዩቢኩዊቲን የተለጠፈባቸው ፕሮቲኖች የሚሠሩት፣ ከላይ ጀምሮ ሊወርድ የሚገባው ጥላሸት መሳይ ቅብ የለም፣ በሜምብሬኑ ግርጌ ብቻ አንድ ደማቅ መስመር ይታያል። መድኃኒቱን ያገኘውና ያላገኘው ረድፍ አይለያዩም። ሦስት ጊዜ ደግመው፣ አንቲቦዲም ለውጠው ያው ሆኖባቸዋል። ካንሰርን የሚከላከለውን ፒ53 የተባለ ፕሮቲን የሚያስፈጀው ኤምዲኤም2 ነው፤ እርሱን የሚያግደው ነትሊን የተባለው መድኃኒትም ፒ53ን ከፍ አላደረገላቸውም።

ግምቴን አስቀድሜ ልናገር፤ አንቲቦዲዎ ጤነኛ ነው፣ ሁለተኛውን መግዛት አያስፈልግዎትም ነበር። የግርጌው መስመር ነጻ ዩቢኩዊቲን ይመስለኛል። ይህ ፕሮቲን 76 አሚኖ አሲዶች ያሉትና 8.5 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ትንሽ ነገር ስለሆነ፣ እርሱን አሳልፎ ያልሰጠ ሜምብሬንና እርሱን የለየ አንቲቦዲ ሥራቸውን ሠርተዋል። ጥላሸቱ በሴሉ ውስጥ ነበረ፤ የጠፋው ሴሉ ከፈረሰ በኋላ በቱቦዎ ውስጥ ነው። በሰው ሴል ውስጥ ዩቢኩዊቲንን ከፕሮቲን ላይ የሚነቅሉ 100 ያህል ኤንዛይሞች አሉ፤ ሴሉ ሲፈርስም በበረዶ ላይ ሆነው ሰንሰለቱን መፍታታቸውን አይተዉም። ጥፋቱ የኤምጂ132 ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳሳ ያለ ጥላሸት በሁለቱም ረድፍ ይታይ ነበር።

የላኩልኝ የበፈር (ሴሉ የሚፈርስበት ፈሳሽ) ቅመራ፣ ከቀድሞ ተማሪ የተወረሰ ነው ብለዋል፣ ጥርጣሬዬን አጠናክሮታል። አንድ ሚሊሞላር ዲቲቲ አለበት፣ ነቃዮቹን የሚያግደው ኤንኤቲልማሌይሚድ ግን የለበትም። እነዚህ ነቃዮች በአብዛኛው የሚሠሩት ሲስቲን በተባለው አሚኖ አሲዳቸው ድኝ ነው፣ ኤንኤቲልማሌይሚድም የሚዘጋው ይህንኑ ነው፤ ዲቲቲ ደግሞ ያንን ድኝ ንቁ አድርጎ ይጠብቅላቸዋል። ሌባውን ቀልቦ በር እንደማስከፈት ነው። በእንክብል የሚሸጠው የተለመደው የፕሮቲን አፍራሾች ማገጃ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም።

ስለዚህ በሥራው ዕለት 125 ሚሊግራም ኤንኤቲልማሌይሚድ በ1 ሚሊሊትር ንጹሕ ኢታኖል ያሟሙ፤ አንድ ሞላር ይሆናል። ከዚህ 20 ማይክሮሊትር በእያንዳንዱ ሚሊሊትር በፈር ይጨምሩ፣ በማዕድን የሚሠሩትን ነቃዮች የሚያግድ 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤም ያክሉ፣ ፒኤቹንም ከ7.5 አያሳልፉ። በውኃ አሟሙቶ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ዱቄቱን ያለ ጓንትና ያለ መነጽር፣ ከሁድ (አየር መሳቢያ ካለው የሥራ ሳጥን) ውጭም አይክፈቱ፤ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፣ ብናኙም መርዝ ነው።

በፈሩ ኤንዛይሞችን የሚያሰናክለው ሳሙና፣ ኤስዲኤስ፣ 1 በመቶ ይኑረው፤ ሞቅ አድርገው በሳህኑ ላይ ባሉት ሴሎች ላይ ያፍስሱት፣ ጠርገው ወዲያው ለ10 ደቂቃ ያፍሉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃችን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መመሪያው 95 ቢልም በዚህ አይጨነቁ፣ ይበቃል። ዝልግልጉን በቀጭን መርፌ ደጋግመው ያሳልፉት። የፕሮቲን መጠን ቢሲኤ በተባለው ዘዴ ይለኩ፤ ሌላው ዘዴ ብራድፎርድ ከዚህ ሁሉ ኤስዲኤስ ጋር አይስማማም። ዲቲቲን የሚጨምሩት ከዚህ በኋላ፣ በመጫኛው በፈር ነው።

ነትሊኑን በተመለከተ ትንሽ ላብራራ፤ ይህን ክፍል ስለምወደው ቢረዝም ይታገሡኝ። ዩቢኩዊቲን ፕሮቲን ላይ የሚለጠፈው በቅብብል ነው፤ ኢ1 የተባለው ኤንዛይም በሴሉ የኃይል ምንጭ በኤቲፒ ያነቃዋል፣ ኢ2 ይረከበዋል፣ ለማን ይለጠፍ የሚለውን የሚወስነው ግን ኢ3 የተባለው ላይጌዝ ነው። ሰው 40 ገደማ ኢ2፣ ከ600 በላይ ኢ3 አለው፤ ምርጫው የት እንዳለ ቁጥሩ ይናገራል። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ደላላ ያየ ሰው ኢ3ን ያውቀዋል። እንደ ኤምዲኤም2 ያለው ሪንግ የሚባለው ዓይነት ዕቃውን በእጁ አይነካም፤ ኢ2ንና ፒ53ን አቀራርቦ ርክክቡን በመካከላቸው ያስፈጽማል። ሄክት የሚባለው ዓይነት ግን ዩቢኩዊቲኑን መጀመሪያ በራሱ ሲስቲን ላይ ይረከብና ከዚያ ያስረክባል። ደላላው ሲጠፋም ሲሳሳትም በሽታ ይመጣል። ዩቢኢ3ኤ የተባለው ሄክት ከእናት የተወረሰው ቅጂ ሲጎድል ሕፃኑ የአንጀልማን ሕመም ይይዘዋል፤ ፓርኪን የተባለው ኢ3 ሲበላሽ በወጣትነት የሚጀምር ፓርኪንሰን ይከተላል። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ሴሬብሎን ከተባለው የኢ3 ክፍል ላይ ተጣብቆ የእርሱ ያልሆነ ደንበኛ እንዲያመጣ ያደርገዋል፤ ዘመዱ ሌናሊዶማይድ መልቲፕል ማይሎማ የተባለውን የደም ካንሰር የሚያክመው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሄላ እንመለስ። እነዚህ ሴሎች የማኅፀን በር ካንሰር ውላጅ ሲሆኑ ኤችፒቪ 18 የተባለውን ቫይረስ ተሸክመዋል። የቫይረሱ ኢ6 ፕሮቲን ያንኑ ዩቢኢ3ኤ እጁን ይዞ፣ በጤናው ጊዜ ደንበኛው ወዳልሆነው ወደ ፒ53 ይወስደዋል። ፒ53ዎን የሚያስፈጀው ስለዚህ በዋናነት ኤምዲኤም2 አይደለም፤ እርስዎ በነትሊን ያገዱት ሌላውን ደላላ ነው። መድኃኒቱን አይውቀሱ፤ ያልተለወጠ ፒ53 ባላቸው ዩ2ኦኤስ ወይም ኤምሲኤፍ7 ሴሎች ይሞክሩት።

ኤምጂ132ውን ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ አሟሙተው በአንድ ጊዜ መጠን ከፋፍለው ያቀዝቅዙ። መብራት በጠፋ ቁጥር የቀለጠና የረጋ ብልቃጥ ሲጠቀሙ የኖሩ ብዙ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ፍሪዘሩ ቀልጦ ከነበረ የድሮውን ይጣሉ። የተረፈውን ኤንኤቲልማሌይሚድ ግን በጓንትና በመነጽር ሆነው፣ በሁድ ውስጥ፣ ብዙ ዲቲቲ ጨምረው ካከሸፉት በኋላ በኬሚካል ቆሻሻ ዕቃ ያድርጉት፤ ሲንክ ውስጥ አይደፋም።